ሊቀ ሞተርና የተበላው ጥርስ

ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጠየቀውን የማይመልስለት መካኒክ እጅ ላይ ይወድቃል። ሀብታም ብትሆን አታመልጥም፤ ብትማር አታመልጥም፤ መኪና ባይኖርህ እንኳ የጎረቤትህን መኪና እየገፋህ ሄደህ ትደርስበታለህ። «ምን ሆና ነው?» ትለዋለህ። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ከእጁ ይልቅ የቆሸሸ ስለሆነ እጁ ይብስበታል። ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ከዚያ አንተ ካልጠየቅካቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱን መርጦ ይመልስልሃል። አመስግነህ ትወጣለህ። ቤት ስትደርስ «ምን አለህ?» ሲሉህ የምትናገረው የለህም።

እኔ የወደቅኩት የዚህ ዘር ሁሉ አውራ በሆኑት ሰው እጅ ላይ ነው። ሰፈሩ «ሊቀ ሞተር» ይላቸዋል። ማዕረጉን ማን እንደ ሰጣቸው አይታወቅም፤ ለምን እንደ ተሰጣቸው ግን ግልጽ ነው፤ የሚሉት ለማንም አይገባም። እኛ ደግሞ ያልገባንን ሰው ሊቅ ማለት እንወዳለን። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድም ቀን ያልገባኝን መምህር እስከ ዛሬ በአክብሮት አነሣለሁ፤ የገባኝን መምህር ግን ስሙን ረስቼዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በአባቴ መኪና ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መኪናዋ ግን ግቢያችን ውስጥ እንደ ቆመች ናት። አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። ቀለሟ አንድ ዘመን ሰማያዊ እንደ ነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እኔ እሑድ እሑድ ሞተሯን አስነሥቼ ጥቂት ደቂቃ አጠገቧ እቆማለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ታዲያ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ጭሱ ነጣ፤ ጉልበቷ አለቀ። አንድ እሑድ ቁልፉን ባዞር ባዞር አልነሣም አለች።

ይህን ታላቅ ወንድሜ ሰማ። እኛ ቤት ታላቅ ወንድም አይመክርም፤ ይወስናል። ወንድም ጋሼ ሰኞ ዕለት ደወለና «በቃ» አለኝ። «የዚህ ሳይሆን የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ በገዛ ሞተሯ ከተነሣች ትኑር። ካልተነሣች ትመዘናለች።»

«ምን ትሆናለች?»

«በኪሎ ትመዘናለች። ብረት አይደለች?»

አባቴ አርባ ስድስት ዓመት የነዳትን መኪና በኪሎ ማሰብ አቃተኝ። ያለኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ማክሰኞ በገመድ አስጎትቼ ሊቀ ሞተር ደጃፍ አቆምኳት።

ጋራዡ ከሱቆች ጀርባ ያለ ጠባብ ግቢ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ለዓመታት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ መጋቢት ላይ የቆመ። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ በያጅ ይሠራል። ብረት መፍጨት ሲጀምር አላፊው አግዳሚው ጆሮውን ይዞ ይሮጣል፤ ሊቀ ሞተር ግን ቅንድባቸው እንኳ አይነቃነቅም። እኔ ይህን ከሙያ ጽናት ቆጥሬ አደነቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆና ይመስልዎታል?» አልኩ፣ ኮፈኑን ከፍተው እንዳጎነበሱ።

ዝም አሉ። ደገምኩ። ዝም አሉ። በሦስተኛው እንዳጋጣሚ ቀና ሲሉ አዩኝና «ወደ ብርሃን ወጣ በልና ተናገር» አሉኝ። ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

«ምን ሆና ነው?»

«ናፍጣ ናት።»

«እሱንስ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ትደርስልኛለች?»

«ስምንት።»

«ስምንት ቀን?»

«ስምንት ቫልቭ። አራት የሚያስገቡ፣ አራት የሚያስወጡ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ለእኔ አለማወቅ ታላቅ ርኅራኄ ነበር።

ነገሩን ለማለዘብ «ሻይ ልዘዝልዎት?» አልኩ።

«እሱ አይቀየርም፤ ጤነኛ ነው» አሉና ተመልሰው አጎነበሱ።

በያጁ አጥሩን ተደግፎ ይስቃል። «ወንድሜ፣ አትድከም» አለኝ። «እሳቸው ሰው አይሰሙም። መኪናህን ስጥና ቤትህ ተቀመጥ። ሞተርህን ያድኑልሃል፤ ወሬ ከፈለግህ ግን እኔ ጋ ና።»

«ሰው አይሰሙም» የሰፈሩ ሁሉ ፍርድ ነው። ባለ ሱቁም ይለዋል፣ ፋርማሲስቷም ትለዋለች። አንድ ሰው በሙያው ሲኮራ፣ ምክር ሲጠላ፣ ባለ መኪናውን ከቁብ ሳይቆጥር ሲቀር የሚባለው እንዲህ አይደል? ማስረጃውም ሞልቷል። ሊቀ ሞተር ስልክ አይዙም። «ስልክ ያለው መካኒክ ሁለት ጌታ አለው» ይላሉ፤ የግድ የፈለጋቸው በበያጁ ስልክ ያስጠራቸዋል፣ በያጁም መጥቶ ትከሻቸውን ነካ ያደርጋል። ጋራዣቸው ውስጥ ሁለት ሰው ባንዴ አይናገርም፤ ከተናገረ ሁለቱንም ያስወጣሉ። በአገር ላይ ያለ ጋራዥ ሁሉ ሬዲዮ ሲያስጮህ የእሳቸው ዝም ያለ ነው።

መልሶቻቸውማ ዝና አላቸው። አንድ ባለ ታክሲ መጥቶ «ጋሼ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎኛል» ቢላቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፤ ፍሬ ጊዜውን ጠብቆ ይይዛል» አሉት አሉ። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ስድስት ዓመት ልጅ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ለማንም አልነገረም። እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፍሬኑ በዚያው ቀን ተሠራ፤ በዓመቱ መንታ ተወለደ። ባለ ታክሲው ዛሬ ሊቀ ሞተር በሚያልፉበት መንገድ ሲያልፍ ከመኪናው ወርዶ ነው ሰላም የሚላቸው።

እኔ መንታ አልፈለግኩም። የፈለግኩት ቅዳሜን ነው።

ሐሙስ ስሄድ የሞተሩን የላይ ክዳን አንሥተው ጠበቁኝ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ቀስረው «ጥርሱ ተበልቷል» አሉ።

«የማን ጥርስ?»

 በጣታቸው አቅጣጫ አየሁ። ከሞተሩ አናት ላይ አንድ ረዥም ዘንግ ተጋድሟል፤ ገላው ላይ እንደ እንቁላል የሾሉ ጉብታዎች አሉት። ካምሻፍት የሚሉት እሱ ነው። ጫፉ ላይ ራሱን «ጥርስ» የሚሉት ጥርሳም ክብ ብረት ተሰክቷል፤ ቺንጋ የሚሉት የጎማ ቀበቶ በዚያ ጥርስ ላይ ሆኖ ነው ዘንጉን የሚያዞረው። ሊቃችን ይህን ዘንግ ሲያስረዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቺ የቤቱ እመቤት ናት። ዞር ስትል በጉብታዋ በሩን ትገፋለች፤ አየር ግባ ትላለች። ደግሞ ዞር ትላለች፤ ጭስ ውጣ። እመቤቲቱ ስታረጅ ጉብታዋ ያልቃል። ያኔ በሩ ገርበብ ብቻ ይላል፤ እንግዳው ደጅ ይቀራል፣ ጭሱ ቤት ያድራል። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። እስከ እንግዳው ድረስ ገብቶኝ ነበር።

«እሷንም ጥርሷንም መቀየር ነው። ግን በናፍጣ ሞተር ቀልድ የለም። ፒስተኑ ሲወጣ ቫልቩ ሲወርድ የሚተላለፉት እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦታ ነው። አንዲት ጥርስ ከተዛነፈች ይላተማሉ። ከተላተሙ...» እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። «ከተላተሙ ወስደህ አስመዝናት።»

«ትመዘናለች» የሚለውን የወንድሜን ቃል እኚህ ሰው ከየት ሰሙት? ብዬ ደነገጥኩ። ለካ መካኒኩም ብረት ገዢውም የሚያውቁት የአንድ መኪና መጨረሻ አንድ ነው።

በማግሥቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ላኩኝ። እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ሻጭ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «ካምሻፍቱ አለ። ጥርሱ ግን ስንት ነው?» አለኝ። አላውቅም። ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስንት ጥርስ ነው ያለው?»

መፍቻቸውን አስቀመጡ። ጥያቄው ያልጠበቁት ዓይነት መሰለኝ፤ ትንሽ አሰቡና «ሃያ ዘጠኝ» አሉ።

ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ሳቀ። «ጌታዬ፣ የካምሻፍት ጥርስ ጎዶሎ ቁጥር አይሆንም። ማነው የላከህ?»

«ሊቀ ሞተር።»

ሳቁን ዋጠና እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። «እሳቸው ካሉ አንድ ነገር ይኖራል። እስቲ ደግመህ ጠይቃቸው።»

ደግሜ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሃያ ዘጠኝ የለም አለ።»

«እንዴት የለም?» አሉና አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። «ሁለቱን መንጋጋ ሐኪም ነቀላቸው። ይኼን የፊቱን መፍቻ አምልጦኝ ወሰደው። ሌላው እንዳለ አለ። ሻጩ የእኔን ጥርስ ምን ያደርግለታል?»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንደ አማኝ ማሰብ ከጀመርኩ በዚህ ውስጥ የተሰወረ ትምህርት ይኖራል፤ እንደ ተማሪ ካሰብኩ ከሁለት አንዳችን አብደናል። በመጨረሻ አሮጌውን ጥርስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ሻጩ በእርሳሱ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። አርባ ሆነ።

«ታዲያ ሃያ ዘጠኝ ያሉት ምንድን ነው?» አለ።

«የራሳቸው ነው።»

«የራሳቸው ምን?»

ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ቀጥሎ ያሉትን ቀናት እዚያው ዋልኩ። ሊቀ ሞተር አያባርሩኝም፤ ፊት ለፊታቸው እስከቆምኩ ድረስ ደስ ይላቸዋል፣ ከኋላቸው ስቆም ግን ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል። ዘንጉን አቅፈው የያዙ አምስት ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ እነሱን ሲፈቱ አንዱን ሩብ ዙር፣ ሌላውን ሩብ ዙር፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው፣ ከዳር ወደ መሐል። ሙሉ ቀን ወሰደ። ከሥር ያለው የሽቦ ሞላ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋልና ባንድ ወገን ብቻ ከላላ ይሰበራል። «ሰውም እንዲሁ ነው» አሉ።  እያንዳንዱን ብረት ሲያወጡ ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ ካርቶን ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጽፌ በየቁጥሩ ላይ አስቀምጣለሁ። ቢቀያየሩ አይገጥሙም። ጸሐፊ ነኝ፤ በእጅ የሚያዝ ሥራ ስሠራ የመጀመሪያው ጊዜ ይኼ ይመስለኛል።

ካርቶኑን ይዤ ስቆም አባቴ ትዝ ይለኛል። ከሥራ ሲመለስ መኪናዋን ግቢ ያስገባና ሞተሩን ያጠፋል፤ ግን አይወርድም። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ሳል ይቀድማል፤ አባታችን ይገባል። እነዚያን ደቂቃዎች ምን ሲያስብባቸው እንደ ነበር አልጠየቅኩትም። አሁን እኔ እሱ በዚያን ጊዜ በነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ እስከ ዛሬም ግራ ይገባኛል። የምትመዘነው መኪና አባቴ ብቻውን የሚቀመጥባት ያቺ ክፍሉ ናት።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ አዲሱ ካምሻፍት በዘይት ታጥቦ ገባ። አምስቱ ብረቶች በየቁጥራቸው ተመለሱ። አዲሱ ጥርስ ተሰካ፤ ቺንጋው ለበሰ። ጥርሱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ሞተሩ ላይ ትንሽ ጭረት። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልተያዩ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ተያዩ። «አሁን ሁለት ዙር በእጅ፣ ሳይቸኩሉ» አሉ ሊቀ ሞተርና ከታች ባለው ብሎን ላይ ረዥም መፍቻ ሰክተው ሞተሩን ማዞር ጀመሩ። አንዱ ዙር በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ላይ አንዲት የብሎን ዳዶ አየሁ። በቺንጋው ጥርሶች መካከል ተቀምጣ እንደ ተሳፋሪ ወደ አዲሱ ጥርስ ትሄዳለች። ከየት እንደ መጣች እንጃ፤ ካርቶኑን ሳነሣ እኔው የጣልኳት ሳትሆን አትቀርም።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቁሙ» አልኩ።

መፍቻው ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ እንጂ።»

መፍቻው ዞረ። ዳዶዋ ከጥርሱ አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው በያጅ የብረት መፍጫውን አጠፋ። በሱቆቹ በኩል ሰው ብቅ አለ። ከአፌ አንድ ክንድ የማይርቅ ጆሮ ያላቸው ሊቀ ሞተር ግን በትዕግሥት ማዞራቸውን ቀጠሉ።

በሁለት እጄ መፍቻውን ያዝኩት።

በቁጣ ቀና አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በሁለት ጣት አንሥተው ኪሳቸው ከተቷትና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ጠርተኸኝ ነበር?»

ወደ ብርሃን ወጣሁ። «ሦስት ጊዜ።»

«ጮክ ብለህ?»

«በያጁ ሥራውን እስኪያቆም።»

ወደ አጥሩ ዞር ሲሉ በያጁ ቶሎ ብሎ መፍጫውን አስነሣ። ከሁላችን በፊት ያወቀ እሱ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ።

«መጀመሪያ ቀኙ ሄደ» አሉ። «ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ግራው ተከተለ። አሁን ነጎድጓድ ሲሆን ብቻ አንድ ነገር ይመጣልኛል፤ እሱንም በእግሬ ይሁን በጆሮዬ አላውቅም። የሰውን አፍ እያየሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ምን ብዬ? የዚህ ነገር ስሙን ታውቀው የለ፤ ጸሐፊ አይደለህ?»

አውቀዋለሁ። ደንቆሮ። ጆሮው ያልሰማም፣ ጭንቅላቱ ያልያዘም በቋንቋችን የሚጠሩት በዚህ በአንድ ቃል ነው።

«ሰው አይሰማም ሲሉኝ ኩሩ ነኝ» አሉ። «ያኛውን ያሉኝ ቀን ግን ሞተሩን የሚሰጠኝ ማነው?»

ለካ ሰፈሩ ስድስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲናገር ኖሯል፤ የሚናገረውን ግን አያውቅም። ሳምንት ስላቸው ስምንት ብለው አነበቡ። «ስንት ጥርስ ነው ያለው?» ስል «ያለዎት» ያልኩ መስሏቸው እንደ ጨዋ ሰው ቆጥረው መለሱልኝ። የፍሬኑን ነገር ለባለ ታክሲው የምነግረው እኔ አይደለሁም፤ መንታ ልጆች አሉት።

«ልትጽፈው ነው?» አሉ ፊቴን ሲያዩ።

«ካልፈቀዱልኝ አልጽፍም።»

«ጻፍ። የሚያነብ ሰው መኪና የለውም፤ መኪና ያለው አያነብም።»

ክዳኑን የሚያጣብቀው ሙጫ እንዲደርቅ ብለው ማስነሣቱን ለጠዋት አሳደሩት። ነጥቧና ጭረቷ ከሁለተኛው ዙር በኋላም እንደ ተያዩ ነበሩ። ያም ሆኖ የናፍጣ ሞተር ካልተነሣ አልተነሣም፤ ወንድሜ ደግሞ ወንድሜ ነው።

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ወንድም ጋሼ ብረት ገዢውን አስከትሎ ጋራዡ ድረስ መጣ። ሊቀ ሞተር መሪው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው። ብረት ገዢው መከላከያዋን አንኳኳ፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ፤ በዓይኑ መዘናት። ወንድም ጋሼ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ ጀመረ።

«አባቴ፣ በቃ ይውረዱ። ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ትሸጣለች።»

ሊቀ ሞተር ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ቁልፉን ይስጡኝ። ሰውየው ሥራ አለው።»

 ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ይኼ ሰውዬ ደንቆሮ ነው እንዴ?»

 «ሥራ ላይ ናቸው» አልኩ። 

በዚህ መሐል ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ጠፋ። ብረት ገዢው ደብተሩን አወጣ። ሊቀ ሞተር ቆዩ፤ እንደገና አዞሩ። አንዴ አሳለች፤ ጥቁር ጭስ የወንድሜ ሱሪ ላይ ተፋች፤ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ተነሣች። ጭሱ ሳሳ። ቀጭ ቀጭ የሚለው የለም። የቀረው ያ ወፍራም፣ ችኩል ያልሆነ ድምፅ ነው።

ወንድሜ ማውራቱን አልተወም፤ አሁን ግን ድምፁ አይሰማም። ሊቀ ሞተር ወርደው በአጠገቡ እንደ ምሰሶ አልፈውት ሄዱና አንድ ረዥም ካቻቢቴ አነሡ። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፉ፤ የእንጨት እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰውዬው ሞተሩን እየበላው ነው?» አለ ብረት ገዢው።

ድምፅ በአጥንት ይሄዳል። እሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን ሰፈር ሞተር ሁሉ በጥርሳቸው ሲሰሙ ኖረዋል። ትንሽ ቆይተው እጀታውን በሸሚዛቸው ጠረጉና ለእኔ ሰጡኝ። ነከስኩት። መኪናዋ ራሴ ውስጥ ገባች። ምን እንደ ሰማሁ ብትጠይቁኝ መናገር አልችልም፤ አባቴ ከበሩ ላይ ደርሶ ገና ያልገባ መሰለኝ፤ ይኼን ያህል ነው።

ብረት ገዢው ደብተሩን ኪሱ ከተተ። «ጌታዬ፣ እኔ የምገዛው ብረት ነው» አለ ወንድሜን። «ይቺ መኪና ናት። ሌላ ሰው ፈልግ።» ሄደ።

ወንድም ጋሼ ጥቂት ቆመ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ከአባቴ መቀመጫ ጀርባ ገባ። ልጆች ሳለን የእሱ ቦታ ያ ነበር፤ ማንም አይቀማውም። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቦታው አልበቃ ብሎት ጉልበቱ አገጩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። «እስቲ ንዳት» አለኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

ሊቀ ሞተርን ልሰናበት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ቆሜ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

«ወንድምህ ቁጡ ነው» አሉኝ።

«አወቁ እንዴ?»

«በጎን መስታወቱ ሳየው ነበር። ትሸጣለች ሲል አይቻለሁ፤ ቁልፉን ሲል አይቻለሁ። ሰማሁ ብል መስጠት ሊኖርብኝ ነው።» እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። «ያችንም ቃል አይቻታለሁ። እሷንማ ከሩቅ አውቃታለሁ፤ ከንፈር ሁለት ጊዜ ታሾላለች።»

«ይቅርታ ያድርጉለት፤ አያውቅም።»

«የምን ይቅርታ ነው? የእሱ አፍ ጥሩ አፍ ነው፤ እንደ ጋዜጣ ርዕስ ይነበባል። ያስቸገርከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አሥራ አንድ ቀን ስትመጣ ስትሄድ ግማሹ የምትለው አልገባኝም። በዚያ ሪዝህ ሥር ታጉተመትማለህ። የተማረ ሰው ነው፣ የሚለው ትልቅ ነገር ይሆናል ብዬ አከብርሃለሁ እንጂ፣ ጤንነትህንም ተጠራጥሬው ነበር። ጥርሴን ስትጠይቀኝማ...» አንገታቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አፌ ላይ የኖረውን ሪዝ ተላጨሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ለመካኒኬ ስል ነው» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወጣሁና፣ ራቁቱን የቀረውን ከንፈሬን በደንብ እያንቀሳቀስኩ፣ ቃል በቃል ደገምኩላት።